ከቤተሰብ ጋር መቀላቀል ምንድን ነው? አሳፍሮ መላክ ግን አይደለም

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። «ከጎዳና የተነሱ ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተቀላቀሉ» ይላል ዜናው፣ ምስሉ ላይ የሚታየው ግን ልጆቹ አዲስ ቱታ ለብሰው ብርድ ልብስ ታቅፈው አውቶብስ ሲሳፈሩ ነው። ተሳፈሩ እኮ ነው የሚባለው፣ ገና አልተቀላቀሉም። ሚዲያው ቢሳሳት እሺ፣ እኛው ሶሻል ወርከሮች በምንጽፈው ሪፖርት ላይ ሳይቀር ቃሉን እንዲህ ስንጠቀምበት ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

በስራው ላይ ያለን ሰዎች ሁለት ነገር እንለያለን። ሪዩኒፊኬሽን የምንለው ልጁን ከቤተሰቡ ጋር በአካል ማገናኘቱን ነው፣ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፣ ቀበሌው ባለበት ይፈረማል ያልቃል። ሪኢንተግሬሽን የምንለው ደግሞ ልጁ እዛ ቤት ውስጥ፣ እዛ ሰፈርና ትምህርት ቤት ውስጥ ተመልሶ ቦታ እስኪኖረው ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ነው፣ እሱ ወራት ይፈጃል አንዳንዴም ከአመት በላይ። በአማርኛ ሁለቱንም «መቀላቀል» ብለን ስለምንጠራቸው የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ሁለተኛውም ያለቀ ይመስለናል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የአማራጭ የህፃናት እንክብካቤ መመሪያ እንኳን ሁለቱን ለየብቻ ነው የጠራቸው። ሪፖርት ላይ ግን የሚቆጠረው የተሳፈረው ልጅ ነው፣ ምክንያቱም እሱን መቁጠር ቀላል ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ በዚሁ ዜና ላይ ተነስቶ እነዚህ ልጆች ሁሌ ይላካሉ ሁሌ ይመለሳሉ፣ ጎዳናውንና ማስቲሹን ለምደውታል፣ ለነሱ ገንዘብ ማውጣት ውሃ መውቀጥ ነው ብሏል። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ማስቲሹ ብርዱንና ረሃቡን ማስረሻ ነው፣ ልጁ ከቤት የወጣው ማስቲሽ ፍለጋ አይደለም። ተመልሶ መጣ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው የወጣበት ምክንያት አሁንም እዛው ቤት ተቀምጦ አለ ወይ ነው።

ችግኝ እናስብ። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ጥቅምት ላይ ደርቆ ብናገኘው ዛፉ መድረቅ ለምዶ ነው የሚል ሰው የለም። ማን አጠጣው፣ ማን አጠረው፣ ጉድጓዱስ ምን ያህል ነበር ብለን ነው የምንጠይቀው። ለዛም ነው በአማርኛ «ተተከለ» እና «ፀደቀ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ያሉን። ደህና ገበሬ ጉድጓዱን ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ቆፍሮ አፈሩን ያናፍሳል፣ ፍግ ይጨምርበታል። በኛ ስራ ይሄ ማለት ልጁ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ ዘንድ መሄድ ነው፣ ማን ይኖራል፣ ምን ይበላል፣ እንጀራ አባት አለ ወይ፣ ልጁ የት ነው የሚተኛው፣ ለምንድን ነው የወጣው ብለህ ቁጭ ብለህ መስማት ነው። ከዛ ደግሞ ሲተከል ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ ስሩን የያዘው አፈር ግን አይራገፍም። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሶስት አመት ራሱን ሲያበላ የኖረ፣ ሊስትሮ ሰርቶ ለጓደኛው መድሃኒት የገዛ ልጅ የያዘው ነገር አለ፣ ገንዘብ መያዝ ያውቃል፣ ኩራት አለው፣ ጓደኛ አለው፣ ያንን ሁሉ አራግፈህ ከቤት እንደወጣ የስምንት አመት ልጅ አድርገህ ከመለስከው ይጠወልጋል። አጥሩስ? ሰፈር ውስጥ ገና ሲገባ «ዱርዬው መጣ» የሚለው ወሬ፣ የጎረቤት ዶሮ በጠፋች ቁጥር እሱን ማየት፣ የ13 አመት ልጅ 2ኛ ክፍል ከህፃናት ጋር አላስቀምጥም የሚል ዳይሬክተር፣ ችግኙን የሚበሉት ፍየሎች እነዚህ ናቸው። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይሰራል፣ ከዚህ በኋላ ግን ችግኝ እግር የለውም፣ ልጁ አለው። ስለዚህ እሱን ሳትጠይቀው የምትወስነው ውሳኔ አንድ ሳምንት አይቆይም።

አውቶብስ ተራ አካባቢ ስሰራ የማውቀው ልጅ ነበር፣ ሶስት ጊዜ ተልኮ ሶስት ጊዜ ተመልሷል። ሁለተኛውን የላክሁት እኔ ነኝ። ፋይሉ ላይ «የአቻ ግፊት» ብዬ ጽፌ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም እውነቱ ሌላ ነበር። ልጁ በየወሩ በሀገሩ አውቶብስ ረዳት በኩል ለእናቱ ብር ይልክ ነበር፣ እሷም በዛ ብር የማዳበሪያ እዳ ትከፍላለች። እኛ ስንመልሰው ቤቱ ገቢ አጣና አንድ የሚበላ አፍ ጨመረ። እናትየው አላባረረችውም፣ አንድም ቃል አልተናገረችውም፣ እሱ ግን ያያል፣ ታናናሾቹ ሲራቡ ያያል። በአራተኛው ጊዜ መጀመሪያ እናትየው ጋ ሄድን፣ እዳው ምን ያህል እንደቀረ አወቅን፣ ቀበሌው ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጠው የመንግስት ፕሮግራም) ውስጥ እንዲያስገባት ብዙ ተመላለስን፣ ከዛ እሷ ራሷ አዲስ አበባ መጥታ ወሰደችው። እሱን ለማየት አመቱን ሙሉ ስንደውልና ስንሄድ ከረምን። ልጁ አልተቀየረም፣ የተቀየረው የቤቱ ሁኔታ ነው።

«የቤተሰብ ድጋፍ» ሲባል ሰው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዘይትና ዱቄት ይመስለዋል። እኔ የምለው ያለውን ነገር ማገጣጠም ነው። ገጠር ላይ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሴፍቲኔት አለ፣ ከተማ ላይም በኋላ መጥቷል። የማህበረሰብ ጤና መድን አለ፣ መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግስት የሚሸፍንበት አሰራር አለው። እድር አለ፣ ከእንጀራ አባት ጋር ለተጣላ ልጅ ደግሞ ከማንኛውም የካውንስሊንግ ስልጠና በላይ የሚሰራው የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። ችግሩ እነዚህ በየቢሮው ተበታትነው ያሉ ናቸው፣ ማንበብ የማትችል አምስት ልጅ ያላት እናት ዞራ ልታገናኛቸው አትችልም፣ ይሄን የሚያዞርላት ሰው ያስፈልጋታል፣ ያ ሰው ደሞዝ ያስፈልገዋል፣ የትራንስፖርትም። ፕሮጀክት ላይ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን ፎሎው አፑ፣ ልጁ ከተመለሰ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው። ቱታው አይቆረጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ቤተሰብ ሁሌ መልስ አይደለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ህፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ እዛው ላይ ደግሞ የህፃኑ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል፣ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ነው። የተደፈረችበት ቤት ሴት ልጅን መመለስ መቀላቀል አይባልም። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ አደራ ቤተሰብ አለ፣ የሰው ልጅ ተቀብሎ ለጊዜው የሚያሳድግ ማለት ነው። ከጋሞ ለሽመና ተብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመጡ ልጆች ጉዳይም ለብቻው ነው፣ ብዙ ጊዜ ልጁን ያመጣው ሰው ቤተሰቡ የሚያውቀውና የተስማማው ሰው ስለሆነ ከዛ ስምምነት ጋር ሳትነጋገር ልጁን ብትመልሰው ወደ ሌላ ሸማኔ ቤት ነው የሚላከው። የተባበሩት መንግስታት የህፃናት መብት ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ጎዳና ላይ ስላሉ ህፃናት ባወጣው 21ኛው አጠቃላይ አስተያየት ልጆቹን እንደ ወንጀለኛ ማየትንም እንደ ምስኪን ተጎጂ ብቻ ማየትንም ነቅፏል፣ መብት ያለው ሰው አድርጎ መነሳት ነው የሚለው። በአፈሳ የተጫነ ልጅ ግን ማንም አልጠየቀውም።

እድሜም አለ። የ17 አመት ልጅ፣ አምስት አመት ከተማ የኖረ፣ ወያላነት የጀመረ፣ ሀገር ቤት መሬት የሌለው፣ እሱን ወደ ገጠር መላክ ለምን? ለሱ መቀላቀል ማለት ለበዓል እናቱ ጋ ሄዶ መመለስ፣ ሶስት ሆነው የሚከራዩት ክፍል፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል፣ መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ አምጣ ይባላል፣ መሸኛውን ለማግኘት ደግሞ እዛ ቀበሌ የሚያውቀው ሰው መኖር አለበት። አንዱን ልጅ ይዤ ለዚህች አንዲት ወረቀት ብቻ ስድስት ሰአት መንገድ ሄጃለሁ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አላውቀውም አለ፣ ሁለተኛ ቀን ላይ የድሮ አስተማሪው ገበያ ላይ አይቶት በስሙ ጠራውና መጥቶ መሰከረለት።