ሞተር ሳይክልና መኪና፦ ስለ ብክለታቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር «መኪናውን ሸጬ ሞተር ልግዛ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለኪስ ያዋጣል፣ አያከራክርም። እንደ ምርቃት የምትጨመረው «ለአየሩም ይበጃል» የምትለዋ ነገር ግን ትንሽ መጣራት ይኖርባታል።

«ሞተር ቤንዚን ስለማይበላ ብዙም አይበክልም»

ግማሹ ልክ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር የምትፈጅ 125 ሲሲ ሞተር ወደ 6 ኪሎ ስትለቅ፣ 8 ሊትር የምትፈጅ አውቶሞቢል ከ18 ኪሎ በላይ ትለቃለች። የምድር ሙቀት ነው የሚያሳስበኝ ላለ ሰው ሞተር ታሸንፋለች።

ጉዳዩ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ሳንባ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቤንዚን መኪና ጭስ ማርሚታው ጋ ከመድረሱ በፊት በካታሊቲክ ኮንቨርተር ያልፋል። ይህ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላና እንደ ፕላቲነም ባሉ ውድ ማዕድናት የተቀባ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹን አብዛኛውን ክፍል ጉዳቱ ወዳነሰ ጋዝ ይለውጣል። ለሞተሮች ይህ ለብዙ ዓመታት አልተገጠመላቸውም፤ ሕጉም አላስገደዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 አውሮፓ ውስጥ አዲስ የቤንዚን መኪና በኪሎ ሜትር እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.3 ግራም ሲሆን፣ ለሞተር የተፈቀደው 13 ግራም ነበር። መኪኖች በ2005 የተጣለባቸው የ1 ግራም ገደብ ሞተሮች ጋ የደረሰው በ2020 ነው። ያውም በአውሮፓ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ አየር በተለካበት መጠን ቤንዚኑን መስጠቱን ይቀጥላል። አየር ያነሰው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚናችሁ በከፊል ሳይቃጠል በማርሚታ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በካርቡራተር ፈንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጭ) ያላቸው ሞተሮች በሴንሰር እየለኩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሁለት ሞተር አማርጦ ለሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

«መኪና ከሆነማ ኮንቨርተር አለው»

ፋብሪካ ሲወጣ ነበረው። ሲደፈን ተፈትቶ፣ ወይም ማዕድኑ ተፈልጎ ተሸጦ፣ በምትኩ ባዶ ቱቦ የተበየደላቸው መኪኖች አሉ። እንዲህ ዓይነቷ አውቶሞቢል የሞተርን ጥፋት በሦስት እጥፍ ቤንዚን ትደግመዋለች።

«ጭሱ ካልታየ ችግር የለም»

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የሚታየው ሰማያዊ ቀመስ ጭስ በአብዛኛው የዘይት ነው፤ እንደ ድሮ ቬስፓዎች ባሉ ቱ-ስትሮኮች ላይ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ነው የሚመጣው። በነሱ ላይ ገና ከገባው ቤንዚንም የተወሰነው ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ያመልጣል።

«በሞተር መሄድ በታክሲ ከመሄድ ይሻላል»

ተሳፋሪ ሲቆጠር ስሌቱ ይቀየራል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ሚኒባስ 12 ሰው ከጫነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 1 ሊትር ነው። ብቻውን የሚጓዘው ሞተረኛ ግን 2.5 ሊትሩን ለብቻው ነው የሚያቃጥለው። (ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሳያውቀው ለአየሩ እየሠራ ነው።) የአሮጌ ሚኒባስ ጥቁር የናፍጣ ጭስ በዚህ ስሌት እንደማይማር ግን ልብ በሉ። ዕቃ ለማድረስ ከሆነ ደግሞ ሞተር ይበልጣል፤ ለአንድ ፖስታ ከ1,000 ኪሎ በላይ ብረት ማንቀሳቀስ ምን ይሉታል?

«ኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለቱም ያው ናቸው»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በብዛት የሚሰማ አባባል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ቻርጅ ማድረጉ ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው። ልዩነቱ ባትሪው ላይ ነው። የብዙ ኤሌክትሪክ ሞተሮች ባትሪ ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሲይዝ የመኪናው 50 ወይም 60 ይደርሳል፤ ለማምረት የሚወጣው ማዕድንና የሚባክነው ኃይልም በዚያው ልክ ነው። ጭስ ስለሌለ ቀድሞ ሞተርን የጣላት ነጥብ እዚህ የለም። ጎማና የፍሬን ሸራ ሲበላ የሚበነው ብናኝም ቀላል በሆነችው ሞተር ላይ ከመኪናው ያነሰ ነው። ሩዋንዳ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪጋሊ ውስጥ ለሰው ማመላለሻ የሚሆኑ አዳዲስ የቤንዚን ሞተሮችን መመዝገብ አቁማለች፤ የታክሲ ሞተር ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጥ ከሱ መጀመሯ ብልህነት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ ይጣራ። ርካሽ የሆኑት ሞተሮችና ባለ ሦስት እግሮች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሊቲየም ሳይሆን በእርሳስ ባትሪ ነው። እሱ ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ግቢ ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ የሚቀለጥ ከሆነ አሲዱና ብናኙ አፈሩ ላይ ይቀራል፣ የሕፃናትን አእምሮም ይጎዳል። ስለዚህ ሻጩን ባትሪው የምን እንደሆነና ሲያረጅ ማን እንደሚረከባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁት።