ፎርሙላ ምንድን ነው? ለጨቅላ ሕፃን ስለሚሰጠው የጣሳ ወተት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ልጃችን ከተወለደ 4ኛ ቀኑ። ባለቤቴ የወለደችው በኦፕራሲዮን ስለሆነ ድካሙ ጥሏት ተኝታለች። እኔ በአንድ እጄ ጡጦ፣ በሌላው ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሕፃኑ ያለቅሳል። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ... እዚያ ላይ ጠፋኝ። የጨመርኩት ሁለት ነው ወይስ ሦስት?

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ደወልኩላት።

"እታለም፣ ስንት ማንኪያ እንደጨመርኩ ጠፋብኝ። አንድ ልድገምበት?"

"እንዳትሞክረው! ድፋው።"

"አንድ ማንኪያ ዱቄት እኮ ነው።"

"ላንተ ዱቄት ነው። ለሱ ግን ምግቡም፣ ውሃውም፣ ጨውም ያ ብቻ ነው። ድፋና እንደ አዲስ ጀምር።"

ደፋሁት። ሐኪሙ የእናቱ ወተት በደንብ እስኪመጣ በትንሹ እንድንደግፈው አዞን ነበር፤ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ጡጦ ስበጠብጥ ከርሜያለሁ። ፎርሙላ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል። ፎርሙላ ማለት ቀመር ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከላም ወተት ነው፤ ግን የላም ወተት አይደለም። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። ጥጃ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ በእግሩ ይቆማል፣ ከሰው ልጅም በጣም ፈጥኖ ያድጋል። ለዚያ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ብዙ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን አለ። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው 1 ግራም ገደማ ነው። ጨዉና ማዕድኑም እንዲሁ በጣም ይበልጣል። የጨቅላ ኩላሊት ደግሞ ያን ሁሉ አጣርቶ ለማስወጣት ገና አቅም የለውም። በዚያ ላይ የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል። የትንሽ ሕፃን አንጀት አስቆጥቶ በዓይን የማይታይ ደም እንዲፈስም ሊያደርግ ይችላል። ልጅ 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ አይሰጠው የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፎርሙላ የሚሠሩት ሰዎች ይህን የጥጃ ወተት ወደ ሰው ልጅ ወተት ያስጠጉታል። ፕሮቲኑን ይቀንሳሉ። ከቀረው ውስጥም የአጓቱን ፕሮቲን ድርሻ ከፍ ያደርጋሉ፤ ለሕፃን ሆድ ይቀላልና። የወተቱን ስብ በአብዛኛው በአትክልት ዘይት ይተካሉ። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ይጨምራሉ፤ የእናት ወተት በዚህ ከላም ወተት ይበልጣል። ከዚያ ብረት፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ እና ሌሎችም ይገባሉ። በመጨረሻ በትክክል የተበጠበጠ 100 ሚሊ ሊትር ፎርሙላ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። የእናት ወተትም እዚያው አካባቢ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከላም ወተት፣ ከስንዴና ከብቅል ዱቄት የሕፃን ምግብ ቀምሞ ነበር። ሄንሪ ኔስሌ በ1867 ስዊዘርላንድ ውስጥ የራሱን አወጣ። የዛሬው ፎርሙላ ከእነዚያ በጣም ርቋል። ዛሬ ሕፃን ያለ ጡት ወተት በደንብ ማደግ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያም ሆኖ ፎርሙላ የጡት ወተትን አይተካከልም። ይህን ስል ጡት ማጥባት ያልቻለችን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። የጡት ወተት ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችና ሕይወት ያላቸው ሴሎች አሉ። እነሱን ጣሳ ውስጥ ማስገባት አልተቻለም። ወተቱ ደግሞ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ የመጀመሪያው እንገር በሳምንቱ ከሚመጣው ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወርም ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመክረው ለዚህ ነው። በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮች እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው ደንብ አጽድቋል። በደንቡ መሠረት ለእናቶች ነፃ ናሙና ማደል አይፈቀድም፤ የሚያማልል የሕፃን ፎቶም ጣሳው ላይ አይለጠፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጡት የሚሠራው በፍላጎት ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ወተት ይመረታል። በየመሀሉ ጡጦ ከገባ ጡቱ "በቃ፣ አይፈለግም" ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ወተቴ አነሰ ብላችሁ ጣሳ ከመክፈታችሁ በፊት አጠባቡን የሚያይላችሁ ባለሙያ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሕፃኑ ጡቱን በደንብ አለመጉረሱ ነው። ግን እናት የምትወስደው መድኃኒት የማያስጠባ ሲሆን፣ ሕፃኑ ክብደቱ በጣም ሲቀንስ፣ ወይም እናት በራሷ ምክንያት ጡጦ ስትመርጥ ፎርሙላ ሕፃኑን ይመግባል። ለዚያ ነው የተሠራው። ማንም በዚህ ልታፍር አይገባም።

አሁን ወደ ማንኪያዋ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ቀመሩን ፋብሪካው ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሰው። የሚጨርሰው በጥባጩ ነው። ውሃ ከበዛ ሕፃኑ ሆዱ ይሞላል፣ ግን ይራባል። ብሎም በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ዱቄቱ ከበዛ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱ ይጨነቃል። "ትንሽ ወፈር ላድርገውና ጠግቦ ይተኛ" የሚባለው ፍቅር ያለበት ስህተት ነው። "እንዲበረክት ላቅጥነው" የሚባለው ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ጡጦ ውስጥ ይገባል፤ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ከመስመሩ እኩል ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ። ከዚያ ነው ዱቄቱ። ዱቄቱ ከቀደመ ቦታ ይይዝና ውሃው ያንሳል። ማንኪያዋን ሞልታችሁ ሳትጠቀጥቁ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ጠረግ አድርጉ። ክምር አይሆንም፣ ጎደሎም አይሆንም። ማንኪያዋ ደግሞ የዚያው ጣሳ መሆን አለባት። በአንዱ ጣሳ 1 ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሆን በሌላው ለ60 ነው። የአንዱን ማንኪያ ለሌላው መጠቀም ቀመሩን ያፈርሰዋል። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው። ሰው ካናገረኝም አልመልስም።

ቀጥሎ የውሃው ሙቀት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ እኔም አላውቅም ነበር። የፎርሙላ ዱቄት ከጀርም ነፃ አይደለም። ጣሳው ታሽጎ ቢመጣም ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ወይም ሳልሞኔላ አልፎ አልፎ ሊገኝበት ይችላል። ይህ የሚሆነው በጥቂት አጋጣሚ ነው። ሲሆን ግን በተለይ 2 ወር ያልሞላውን፣ ያለ ጊዜው የተወለደውንና አቅም የሌለውን ሕፃን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሳይወርድ ዱቄቱ እንዲጨመር ይመክራል። ውሃውን አፍልታችሁ፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳታቆዩ በጥብጡ። ፈልቶ ያደረ ውሃ ለዚህ አይሆንም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ሙቀት ከዚህ ከለየባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከተበጠበጠ በኋላ ክዳኑን ግጠሙና ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዛችሁ አብርዱት። ከእጃችሁ አንጓ በውስጥ በኩል ጠብ አድርጉበት። ለብ ብሎ ከተሰማችሁ ደርሷል። ማይክሮዌቭ አትጠቀሙ፤ ጡጦው ከውጭ ቀዝቅዞ መሀሉ አፍ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። የተበጠበጠ ፎርሙላ ሳይጠጣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ይደፋል። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈውም ይደፋል፤ ምራቁ ገብቶበታልና አይቀመጥም። ይህ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። ግን ድፉት።

ጡጦውና ጫፉ በተጠቀማችሁባቸው ቁጥር በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ ይታጠቡ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሰጥመው ይቀቀሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። የጫፉ ቀዳዳ ውስጥ የደረቀ ወተት እንዳይቀር እዩት።

ስንት ይጠጣ? በመጀመሪያው ቀን የጨቅላ ሆድ በጣም ትንሽ ነው። 15 ወይም 20 ሚሊ ሊትር ጠጥቶ ቢተኛ አትደንግጡ። በቀጣዮቹ ቀናት በአንዴ ከ30 እስከ 60 ይደርሳል። አንደኛ ሳምንቱን ሲጨርስ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ተብሎ ይታሰባል። 3 ኪሎ ከሆነ በቀን 450 ነው። 8 ጊዜ ቢጠጣ በአንዴ 56 ገደማ ይመጣል። ይህ ለግምት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። አንዱን ጊዜ 40፣ ሌላውን 70 ሊጠጣ ይችላል።

ሲርበው ራሱ ይናገራል። ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ይጠባል። ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው። እዚያ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ያለቀሰ ሕፃን አየር ይውጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ4 ሰዓት በላይ ከተኛባችሁ ግን ቀስቅሱት።

ስታጠጡት ጭንቅላቱ ከሆዱ ከፍ ይበል። ጡጦውን ሽቅብ ሳይሆን ወደ አግድም አድርጋችሁ ያዙት፤ ወተቱ እንዳይዘንብበት። መሀል ላይ እረፍት ስጡት፣ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ አስገሱት። ፊቱን ካዞረ ወይም ከንፈሩን ከገጠመ ጠግቧል። "የቀረችውን ጨርስ" ብላችሁ አታስገድዱት። ጡጦውን በትራስ ደግፋችሁ ትታችሁት መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሊያንቀው ይችላል። ፊት ለፊት እያያችሁት አጠጡት። ልጄ በ3ኛ ሳምንቱ እየጠጣ ትንሿን ጣቴን ጨብጦ መያዝ ጀመረ፤ እስኪጨርስ አይለቃትም ነበር።

ጣሳ ስትመርጡ ለጨቅላ የሚሆነው "1" የሚል ቁጥር ያለበት ነው። ውድ መሆኑ የተሻለ አያደርገውም። ከአኩሪ አተር የተሠራውን ወይም ለአለርጂ የሚሆነውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የራሱ የተለየ አለው። ውሃ ለብቻው፣ ሻይ፣ ማርም ለጨቅላ አይሰጥም። ማር እስከ 1 ዓመት ድረስ አደገኛ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

በቂ እያገኘ መሆኑን ዳይፐሩ ይነግራችኋል። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ መሽናት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው። እስከ 2 ሳምንት ድረስ ግን የተወለደበትን ክብደት መልሶ መያዝ ይኖርበታል።

አልጠጣም ካለ፣ ከልክ በላይ ከፈዘዘ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸና እስኪነጋ አትጠብቁ። ሐኪም ቤት ውሰዱት። ስትወጡ ጣሳውንም ከነማንኪያው ያዙ። ሐኪሙ ከሚጠይቃችሁ አንዱ በስንት ውሃ ስንት ማንኪያ እንደምትበጠብጡ ነው።