ጌስት አካውንት አልገባም ሲል ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በዓል ደርሶ ቤት በእንግዳ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ በአንድ ጉዳይ ነው፣ "ጌስት አካውንቱን (እንግዳ ኮምፒውተሩን እንዲጠቀም የሚከፈተውን መግቢያ) ከፍተነው ነበር ግን አያስገባም"። ዘመድም ጎረቤትም ኮምፒውተሩን የሚያሳየው ለእኔ ስለሆነ ጥያቄው ተመላልሶ ይመጣል፣ ሄጄ ሳየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ የተነገራቸው ነገር ነው ስህተቱ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልጻፋቸው፣ በዋናነት የማወራው ስለ ዊንዶውስ ነው።

"ጌስት አካውንት እኮ አለ፣ ማብራት ብቻ ነው"

ይሄ ትልቁ ነው። በዊንዶውስ 7 እና 8.1 ጊዜ እውነት ነበር፣ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ ጌስትን ኦን ማድረግ ነው አለቀ። በፈረንጆቹ 2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ግን ማይክሮሶፍት ይሄን አነሳው፣ 11 ላይም የለም። ሰው የሚሳሳተው ጌስት የሚባለው አካውንት ስሙ አሁንም ሲስተሙ ውስጥ ተዘግቶ ስላለ ነው። ቪዲዮ አይተው ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት) ከፍተው በኔት ዩዘር ትእዛዝ አክቲቭ ያደርጉታል፣ ኮምፒውተሩም ትእዛዙ ተፈጽሟል ይላል፣ ከዛ መግቢያው ስክሪን ላይ ወይ አይታይም ወይ ሲነኩት መልሶ ያስወጣቸዋል። ምክንያቱም ጌስት እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ እንዳይገባ የሚከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያው ገብቷል። አክቲቭ መሆን ሌላ፣ የመግባት ፈቃድ ሌላ። እና እባካችሁ ያንን ዝርዝር ለመቀየር ብላችሁ የማታውቁትን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትጫኑ፣ ለእንግዳ ብለን ለሌባ በር መክፈት ነው የሚሆነው።

"እሺ አዲስ አካውንት ፈጥሬ ጌስት እለዋለሁ"

ስሙ ስለተያዘ አይቀበላችሁም። ሌላ ስም ስጡት፣ ቪዚተር በሉት ምናምን፣ ግን በላቲን ፊደል ይሁን፣ በአማርኛ ከጻፋችሁት ፎልደሩም በአማርኛ ስለሚሰየም አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ላይ ችግር ይፈጥራል። አሰራሩ ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ፣ አድ አካውንት ነው። እዚህ ጋ ኢሜይል ይጠይቃል፣ ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚህ ነው፣ እንግዳውን ኢሜይልህን ስጠኝ ማለት ውስጥ ይገባሉ። አያስፈልግም! መጀመሪያ የሰውየው መረጃ የለኝም የሚለውን፣ ከዛ ማይክሮሶፍት አካውንት የሌለው ዩዘር ጨምር የሚለውን መምረጥ ነው። የተፈጠረው አካውንት ስታንዳርድ (ተራ ተጠቃሚ) ይሁን፣ አድሚን (ሁሉንም ነገር መቀየር የሚችል) እንዳታደርጉት።

"ስታንዳርድ ከሆነ ሲወጣ ሁሉም ነገር ይጠፋል"

አይጠፋም፣ እንግዳው ፌስቡኩን ወይ ኢሜይሉን ከፍቶ ከሄደ ተከፍቶ ነው የሚቀረው፣ ለሚቀጥለው እንግዳ ማለት ነው። ሲወጣ እንዲጸዳ ከፈለጋችሁ አካውንቱን ዩዘርስ ከሚባለው ግሩፕ (ተመሳሳይ ፈቃድ ያላቸው አካውንቶች ስብስብ) አውጥታችሁ ጌስትስ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። ዊንዶውስ ሆም ላይ ግሩፕ የሚያሳየው መስኮት ስለሌለ ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚን ከፍታችሁ በኔት ሎካልግሩፕ ትእዛዝ ነው የሚሰራው። ከዛ በኋላ ሳይን አውት ሲል ፕሮፋይሉ (የአካውንቱ ፎልደርና ሴቲንግ) በሙሉ ይሰረዛል፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠውም ጭምር፣ ስለዚህ ለእንግዳው ቀድማችሁ ንገሩት። አንዲት ልጅ የስራ ማመልከቻዋን ግማሽ ቀን ጽፋ በዚህ ምክንያት ስታጣው አይቻለሁ፣ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ የሚላት ሰው አልነበረም።

"ፓስዎርዱ ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው የረሳው"

ኮምፒውተር አይረሳም፣ መጀመሪያ ኪቦርዱን እዩ። አማርኛ ኪቦርድ የጨመርንበት ማሽን ላይ መግቢያው ስክሪን ላይም ቋንቋው ሊቀየር ይችላል፣ ነጥብ ነጥቡ ብቻ ስለሚታይ ደግሞ አናውቀውም። ታች በቀኝ በኩል ያለውን የቋንቋ ምልክት አይታችሁ በዊንዶውስ እና ስፔስ ቀይሩት፣ ከጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ስትጫኑም የጻፋችሁት ይታያል። ዝም ብሎ ደጋግሞ መሞከርም አያዋጣም፣ 22ኤች2 የሚባለው ቨርዥን ወይም ከዛ ወዲህ የመጣ ሆኖ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ አካውንቱ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል፣ በዛ ሰዓት ትክክለኛውን ብትጽፉም አያስገባም።

"ፕሮፋይል ሰርቪስ አልሰራም ካለ ፎርማት ነው"

አካውንቱ ሲገባ በሚመጣው በዚህ የስህተት መልእክት ስንት ማሽን በከንቱ ፎርማት ተደረገ! አዲስ አካውንት መጀመሪያ ሲገባ ዊንዶውስ ዲፎልት የሚባለውን ድብቅ ፎልደር ኮፒ አድርጎ ነው ፕሮፋይሉን የሚሰራው። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላ ኮፒ ማድረግ አይችልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ አስለቅቁ። ቦታ እያለ እምቢ ካለ ሌላ አዲስ አካውንት ፈጥራችሁ ሞክሩ፣ እሱም ካልገባና የናንተው የድሮው በደንብ ከገባ ችግሩ ያ ዲፎልት ፎልደር ላይ ነው፣ የእንግዳው አካውንት ላይ አይደለም። ተመሳሳይ ቨርዥን ካለው ጤነኛ ኮምፒውተር አምጥቶ መተካት ይቻላል፣ ፋይላችሁ አይነካም።

ማክ ያላችሁ ደግሞ ጌስት ዩዘር አሁንም አለላችሁ፣ ግን ፋይልቮልት (ዲስኩን በሙሉ በሚስጥር የሚቆልፈው የማክ ፕሮግራም) በርቶ ከሆነ እንግዳው ሳፋሪን፣ ማለትም ብራውዘሩን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ተበላሽቶ አይደለም።

"ሌላ አካውንት ስለሆነ የኔን ፋይል አያይም"

ይሄ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን እውነት ነው አያይም። እኛ ግን ልማዳችን ሁሉንም ነገር ዲ ድራይቭ ላይ ማጨቅ ነው፣ ዲ ላይ ደግሞ ካልቀየራችሁት በስተቀር ኮምፒውተሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ማየት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ይችላል። የእህቴ ልጆች ፎቶ ከህፃንነታቸው ጀምሮ ያለው ዲ ላይ ነበር፣ ለጨዋታ ቦታ ፈልጎ አንድ እንግዳ ልጅ ሰረዘው፣ ግማሹን ብቻ ነው መመለስ የቻልኩት። አሁን ፎቶዎቹ በራሷ አካውንት ፒክቸርስ ውስጥ ናቸው፣ አንድ ኮፒም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።