«ሜላንኮሊ» ድሮ ትካዜ ብቻ አልነበረም

በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሜላንኮሊ» የሚል ቃል ሲገጥማችሁ «ትካዜ» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። ዛሬ አዎ፣ እንደዚያ ነው። በ1600ዎቹ ግን ቃሉ የስሜት ብቻ ሳይሆን የፈሳሽም ስም ነበር።

ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ጥቁር ሐሞት» ማለት ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ጤና የሚጠበቀው በአራት ፈሳሾች ሚዛን ነው ይሉ ነበር፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። የመጨረሻው ሲበዛ ሰውየው ይተክዛል፣ ያለ ምክንያት ይፈራል። አትሳቁ፤ እኛስ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንል የለ?

እንግሊዛዊው ምሁርና ቄስ ሮበርት በርተን በ1621 በዚሁ ጉዳይ ላይ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። የፍቅር ስቃዩም የሃይማኖት ጭንቀቱም፣ ሁሉም እዚሁ ስም ሥር ገባ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዛዊው ደራሲና የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን «ከአባቴ ወረስኩት» ያለው ሜላንኮሊም ቀላል መከፋት አልነበረም። አብዳለሁ ብሎ እስከ መስጋት አድርሶታል።

ይበልጥ የሚያደናግረው ደግሞ ቃሉ ሙገሳም መሆኑ ነው። ጥቁር ሐሞት የሚበዛባቸው ምሁራንና ገጣሚዎች ናቸው የሚል የቆየ እምነት ነበር። ታዲያ ምንም ሳይሆን ጥቁር ለብሶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ የሚተክዝ ወጣት በዛ። ፋሽን ሆነ በሉት! የዘመኑ ቴአትር ጸሐፊዎችም በእንዲህ ዓይነቱ አስመሳይ መቀለድ ይወዱ ነበር። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ «ሜላንኮሊ አለብኝ» ሲል፣ መጀመሪያ አለባበሱን እዩ።