ጥምቀትን አክብረው "ፏፏቴው የት ሄደ?" ለሚሉኝ

ጎንደር ላይ እንግዳ ማመላለስ ከጀመርኩ ቆየሁ፣ እና ጥር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚደወለው አንድ አይነት ነገር ነው። "ወንድሜ ለጥምቀት እዛ ነን፣ ሚካኤልን ሸኝተን በ13 ጠዋት ሰሜን ተራሮች ደርሰን ያንን ረጅሙን ፏፏቴ አይተን ማታ ጎንደር እንገባለን አይደል?" መግባቱንስ ትገባላችሁ፣ ደባርቅ 100 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ በሌሊት የተነሳ ሰው ደርሶ ይመለሳል። ችግሩ ፏፏቴው ነው። በየስልኩ መከራከር ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይሄንን እልካለሁ።

"ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ እንደ ፎቶው ነው"

አይደለም! ስንቴ ልናገር። ጅንባር ይባላል፣ ከሳንቃበር ካምፕ ትንሽ አለፍ ብሎ ከመኪና ተወርዶ በእግር የሚኬድበት ነው፣ ውሃው ወደ 500 ሜትር ገደማ ገደሉ ውስጥ ይወረወራል። ስልካችሁ ላይ ያለው ፎቶ ግን መስከረም ወይ ጥቅምት ላይ የተነሳ ነው፣ ሳሩን እዩት እስቲ፣ አረንጓዴ ነው። ጥር ላይ ሳሩ ቢጫ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። የጅንባር ወንዝ ከሩቅ አገር ዞሮ የሚመጣ ትልቅ ወንዝ አይደለም፣ እዛው ግጭ አካባቢ ካለው ደጋ የሚሰበሰብ ውሃ ነው። የሰሜን ዝናብ ደግሞ የክረምት ዝናብ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ያፈሰዋል፣ መስከረም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዛ ያለው ውሃ መሬቱ የጠጣው ቀስ እያለ የሚወጣው ነው። ታህሳስ ላይ ቀጥኗል። ጥር ላይ ነጭ ክር ነው። የካቲትና መጋቢት ላይማ ንፋስ ከመጣ ክሩም ግማሽ መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል፣ ታች ሲደርስ አታዩትም።

አንድ ጊዜ ከዲሲ የመጣ ሰው እናቱንና ልጆቹን ይዞ በጥር 13 ወሰድኩት። መንገድ ላይ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም። ደረስን፣ እሱ ገደሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ገደሉን አየ። "ውሃውን ለመብራት ጠልፈውት ነው አይደል?" አለኝ። ለምን እንደዛ እንዳሰበ ይገባኛል፣ ከዛ በፊት ባህር ዳር ጢስ ዓባይን አይተው ነበር፣ እዛ እውነትም ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው የሚሳሳበት ጊዜ አለ። ጅንባር ላይ ግን ግድብም ተርባይንም የለም፣ የጠለፈው በጋው ነው። ሰውዬው አላመነኝም መሰለኝ፣ እስከ ደባርቅ ድረስ ስለ መብራት ኃይል ነው ያወራው። እናትየው ግን "ልጄ፣ በጥር እኛ አገር የቱ ወንዝ ነው የሚሞላው?" አሉት፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

እሺ፣ ይሄን የሰማ ብልጥ ደግሞ "እንግዲያው በነሐሴ እመጣለሁ" ይላል። ኧረ በናታችሁ! ነሐሴ ላይ ውሃው አለ፣ እንደውም ከመጠን በላይ አለ፣ እናንተ ግን አታዩትም። ጉም ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የመሥሪያ ቤት ልጆች በነሐሴ አድርሻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ጉም ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ ፏፏቴው እፊታችን ያጓራል፣ ከነጭ ጉም በቀር ምንም የለም። በመጨረሻ አንዷ ድምፁን በስልኳ ቀድታ ሄደች። ጭቃውን ደግሞ አልነግራችሁም፣ አንዱ ጫማው ተውጦ ቀርቶበታል።

ስለዚህ ለፏፏቴው ብላችሁ የምትመጡ ከሆነ ከመስቀል በኋላ ጀምሮ እስከ ህዳር መግቢያ ድረስ ኑ። ውሃው አለ፣ ጉሙ ተነስቷል፣ አደዩ ገና አልረገፈም። ከጎንደር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ሲከፈት መግቢያችሁን ከፍላችሁ ስካውት (ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ) እና አስጎብኚ ይዛችሁ ውጡ፣ ከ4 ሰዓት ሳያልፍ ጅንባር ድረሱ፣ ምክንያቱም ከሰዓት ከገደሉ ስር ደመና መውጣት ይወዳል። "ቁርስ በልተን ቡና ጠጥተን 3 ሰዓት ላይ እንነሳ" የሚል ቡድን ይዤ ደህና ነገር አሳይቼ አላውቅም። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዛው አካባቢ ሰው ጠይቁ፣ ያለፈው ሳምንት ወሬ ለዚህ ሳምንት አይሆንም። በጥር መምጣት ካለባችሁም ኑ፣ ሰማዩ የጠራ ነው፣ ገደሉ የትም አይሄድም፣ ጭላዳ ዝንጀሮውም አለ፣ ብቻ ፏፏቴ አትጠይቁኝ።

"ስሩ ገብተን እንታጠባለን"

ዋና ልብስ ይዞ የመጣ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ጅንባር ከገደሉ ማዶ ቆመው የሚያዩት ነው። መመልከቻው ጫፍ ላይ ደግሞ መደገፊያ ምናምን እንዳለ አታስቡ፣ ለሰልፊ ወደ ኋላ መራመድ የሚባል ነገር የለም፣ ልጅ ያላችሁ እጁን ያዙ።

"እኛ ሀበሻ ነን፣ ከፍታ አይነካንም"

ይሄኛው ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሳንቃበር 3,250 ነው፣ ከሱ አልፎ ያለው ጨነቅ ካምፕ ደግሞ ከ3,600 ያልፋል። ሰውነት የሚለምደው የኖረበትን ከፍታ እንጂ ፓስፖርት አያይም። ከዱባይ ወይ ከቴላቪቭ ባህር ዳርቻ ተነስቶ ትናንት ጎንደር ያረፈ ሰው ዛሬ ጨነቅ ላይ ራሱን ቢያመው ምን ይገርማል? "ጂም እሰራለሁ" ማለትም አያድንም፣ እንደውም ጂም የሚሰሩት ናቸው የሚሮጡትና የሚወድቁት። አንዱ ጡንቻው እንዲህ ያበጠ ልጅ ሜዳ መስሎት ጭላዳ ሊያባርር ሮጦ ከዛ አጎንብሶ ሲያስመልስ የ70 ዓመት አክስቱ ሻርፓቸውን አጣፍተው ቀስ እያሉ አልፈውት ሄዱ። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዋዜማውን አረቄ አታብዙ። ራስ ምታቱ ከባሰና ማስመለስ ከመጣ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ማኘክ አይደለም፣ "ትንሽ ልረፍና ይለቀኛል" እያላችሁ ሹፌሩንም አታስጨንቁ።

"ጥቁር ሰው ፀሐይ አያቃጥለውም"። ማታ ከንፈራችሁን በመስታወት እዩት። ኮፍያ ያዙ፣ ጃኬትም ያዙ፣ እዛ ላይ ፀሐይ እየጠበሰ ጥላ ውስጥ ግን ይበርዳል።

"ሊማሊሞን ከወረድን ፓርኩ ውስጥ ነን"። ሊማሊሞ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ነው። የፓርኩ መግቢያ ቡይት ራስ በሌላ አቅጣጫ ነው። በጂፒኤስ የመጣ አንድ ሰው ግማሽ ቁልቁለቱን ወርዶ ደውሎልኛል።

"ጭላዳ ሙዝ ይወዳል"። ጭላዳ የሚበላው በዋናነት ሳር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲነጭ ትውላላችሁ ስታዩት። ሙዝና ብስኩት ያስለመዳችሁት ጊዜ ነው ሰው ቦርሳ ላይ መውጣት የሚጀምረው፣ ተከልክሏልም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገርም ቁስል አይደለም፣ "ምስኪን ማን ወጋው" ያለችኝ ነበረች፣ ተፈጥሮው ነው።

"ዋልያ በሩ ላይ ይታያል"። በዓለም ላይ ዋልያ በዱር ያለው እዚሁ ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ሰው ከእንስሳው ይልቅ የሚያውቀው ብሔራዊ ቡድኑን ነው። የተሻለ ዕድል ያለው ጨነቅ አካባቢ ነው፣ ያውም በጠዋት ወይ ወደ ማታ። በአንድ ቀን ጅንባርንም ዋልያንም ካላየሁ የሚል ሰው መኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት ለመቀመጥ ይዘጋጅ።

"ራስ ደጀን ላይ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን"። ከደባርቅ የቀናት የእግር መንገድ ነው። "በአፍሪካ አራተኛው ተራራ" የሚለውንም ብትተዉት ደስ ይለኛል፣ ታንዛኒያ ያለው ሜሩ ይበልጠዋል፣ የሩዌንዞሪ ጫፎች ከተቆጠሩማ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ አንደኛ ነው፣ አይበቃም?

"ፓርኩ በዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነው"። እ.ኤ.አ. በ1996 ገብቶ ነበር፣ በ2017 ወጥቷል።

"ስካውቱ ጠመንጃ የያዘው አንበሳ ስላለ ነው"። አንበሳ የለም። ስካውት መያዝ የፓርኩ ደንብ ነው፣ አብዛኞቹ እዛው አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ ጉሙ የት ጋ እንደሚገለጥ ከእኔም ከስልካችሁም በላይ ያውቃሉ። "ጋሼ፣ አሁን እንጠብቅ ወይስ እንሂድ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ምሳ ስትቋጥሩም ለሳቸው ጨምሩ፣ ባለፈው አምስት ሰው በርገር ሲበላ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ ዳቦዬን ለሁለት ቆርሼ አብረን በላን።