ፋይዳ፣ 666 እና ሌሎች የሰፈር ወሬዎች፦ የተሳሳተው አመለካከትና እውነታው

የእድራችን ሰብሳቢ በወር ስብሰባ መጨረሻ ላይ "ፋይዳ ያላወጣችሁ ቶሎ አውጡ፣ ባንክ መጠየቅ ጀምሯል" አሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። "እኔ ስሜን በአውሬው መዝገብ አላስጽፍም" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ግን ዝም አለ። እኔን ያሳሰበኝ ዝም ያለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፋይዳ የሚወራውን ማድመጥ ጀመርኩ። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ ይመዘገባል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይነሣል። በመጨረሻ አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር በስልክ መልእክት ይደርሳል። ነገሩ ይኼው ነው። የሚወራበት ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አንድ በአንድ እንየው።

"ቁጥሩ 666 ነው"

የስምንተኛው ሺህ ወሬ ለእኛ አዲስ አይደለም። የሸቀጥ ባርኮድ ሲመጣም ተብሏል፣ የኮቪድ ክትባት ሲመጣም ተብሏል። ፋይዳ ላይ ግን ወሬው ጥሩ መያዣ አገኘ። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 የአውሬውን ቁጥር 666 ይለዋል፤ ምልክቱ የሌለው ሰው መግዛትም መሸጥም እንደማይችል ይናገራል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ነው አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

እውነታው ግን እዚህ ላይ ያስቃል። ፋይዳ የተሠራው ሞሲፕ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያነበዋል። ቁጥሩ የሚወጣው በዕጣ ነው፤ ከልደት ቀንህም ከቀበሌህም ጋር አይገናኝም። በሶፍትዌሩ የመነሻ ቅንብር ውስጥ ደግሞ ዕጣው እንዲዘላቸው የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። አንዱ 666 ነው። ሌላው 786፣ በደቡብ እስያ ሙስሊሞች ዘንድ ከቢስሚላህ ጋር የሚያያዘው ቁጥር። ሠሪዎቹ እንዲህ ያለ ወሬ እንደሚመጣ ቀድመው ገምተዋል ማለት ነው።

ይህንን ለእኒያ እናት በደስታ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ለምን ዘለሉት? የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ" አሉኝ። አፌን ያዝኩ። ቁጥሩ ቢኖርበት ማስረጃ፣ ባይኖርበትም ማስረጃ። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ በመረጃ ማሸነፍ አይቻልም፤ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

"ብሔራችንን መዝግበው ሊለዩን ነው"

ቅጹ ላይ ብሔር የሚል ጥያቄ የለም። ሃይማኖት የሚልም የለም። ይልቅ ብሔር ሲጻፍ የኖረው ያለ አንዳች ጫጫታ ኪሳችን ውስጥ ይዘነው በዞርነው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ነበር። ሰው ለለመደው ነገር ዓይን የለውም።

እውነቱን ለመናገር ግን "ብሔር አይጠየቅም" ማለት "ብሔር አይታወቅም" ማለት አይደለም። ባገራችን ስም ከነአያቱ ብዙ ይናገራል። የትውልድ ቦታም እንዲሁ። ስለዚህ መልሱ "ቅጹ አይጠይቅም፣ ፍርሃቱ ግን ከሰማይ አልወረደም" የሚል ነው።

"ቺፕ አለው፣ የሄድንበትን ያያል"

የለውም። ፋይዳ በመሠረቱ ቁጥር ነው። ካርዱን ካሳተምከውም ላዩ ላይ ያለው ኪው አር ኮድ ነው። ካሜራ ካላነበበው በቀር አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህንን ወሬ የሚያሠራጨው ሰው ደግሞ በስልኩ ነው የሚያሠራጨው። ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው እየተቀባበለ የት እንዳለ ሲያሳብቅበት ይውላል፤ ሲም ካርዱም በስሙ የወጣ ነው። ማንም ሊከታተለው ቢፈልግ ፋይዳን እስኪያወጣ አይጠብቅም።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ባንክ ሄደህ በፋይዳ "ማንነትህን አረጋግጥ" ስትባል፣ የት ድርጅት በስንት ሰዓት እንደተረጋገጥክ የሚያሳይ ምልክት ሊቀር ይችላል። ያ መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ማን ይከፍተዋል? ፖሊስ ሲጠይቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል ወይስ ስልክ መደወል ይበቃል? እነዚህን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። ሁሉም ቺፕ ፍለጋ ላይ ነው።

"መረጃችን ለህንድና ለዓለም ባንክ ተሸጧል"

ወሬው ሁለት እውነተኛ ነገሮችን ቆርጦ ነው የሰፋው። ሞሲፕ የተሠራው ባንጋሎር ባለ የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። የዓለም ባንክ ደግሞ ለኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ፕሮጀክት 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ከዚህ ተነሥቶ "ስለዚህ ተሸጥን" ይላል።

እናቴ ጤፍ የምታስፈጭበት ወፍጮ ጣሊያን ሠራሽ ነበር። ዱቄቱ ግን ሮም ሄዶ አያውቅም። ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው፤ መሣሪያውን የሠራና እህሉን የያዘ ሁለት ናቸው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይህንኑ ሶፍትዌር ይዘዋል።

"ፋይዳ የሌለው ኢትዮጵያዊ አይደለም ሊባል ነው"

አይባልም። ፋይዳ የነዋሪ መታወቂያ እንጂ የዜግነት ወረቀት አይደለም። አገራችን ውስጥ በሕግ የሚኖር የውጭ ሰው ያወጣዋል። የተጠለሉ ስደተኞችም ተመዝግበውበታል። ዜግነት ሰጪም ነሺም አይደለም።

"የሚጠራጠር ሁሉ ያልተማረ ነው"

ይኼኛው ደግሞ የእኛ የ"ገብቶናል" ባዮቹ ስህተት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ወደ 1985 ዓ.ም. እንመለስ። ያኔ የኤርትራ ሪፈረንደም ሲካሄድ፣ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆች እዚሁ ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። መንግሥት ያውቃል፣ ፈቅዷል፣ ምንም ክፋት አልነበረውም። አምስት ዓመት አለፈ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ፈነዳ። ያኔ ያ ምዝገባ "የኤርትራ ዜግነት መርጣችኋል" የሚል ማስረጃ ሆኖ መጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአገር ተባረሩ። ንብረታቸውን ውክልና ሰጥተው፣ አንዳንዱ ከልጆቹ ተለይቶ፣ በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። ጉዳዩ ሄግ በተሰየመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ሲያከራክር ኖሯል።

ልብ በሉ፤ በ1985 መዝገቡን የጻፈው ሰው አምስት ዓመት ቆይቼ አባርርበታለሁ ብሎ አልነበረም። ሴራ አልነበረም። ዝርዝሩ ግን ተቀምጧል። አሳብ ሲለወጥ ዝርዝሩ ከመሳቢያ ወጣ። ያንን በዓይኗ ያየች የሰፈር ሴት "ስሜን መዝገብ ላይ አላስገባም" ብትል ጤነኛ ነች። የተሳሳተችው አውሬው የራእዩ ነው ብላ ማሰቧ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ግንቦት 1999 የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት በ2001 ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። ጥያቄው በፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ተነሣ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የሚያጠግበኝ መልስ አላገኘሁም ይላል። ከዚያ በኋላ ለ2010 የታሰበው ቆጠራ ሲገፋ፣ ዳግም ሲገፋ ዓመታት አለፉ። በዚህ መሀል የተወለደ ወሬ ቢቆጠር ከሕዝቡ ይበዛል። ለአንዱ ጥያቄ በጊዜው የሚያረካ መልስ ካልተሰጠ ሰው መልሱን ራሱ ይሠራል። እኒያ እናት "ለምን ዘለሉት" ያሉኝም ለዚህ ይመስለኛል። ያጡት መረጃ አልነበረም። ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው ቢሮ ነው ያጡት።

ጥርጣሬ በቦታው ሲውል ደግሞ ሥራ ይሠራል። ጎረቤታችን ኬንያ ሁዱማ ናምባ የሚባል ተመሳሳይ መታወቂያ ስትጀምር ተቆርቋሪዎች አውሬ ፍለጋ አልሄዱም። ፍርድ ቤት ሄዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት "መጀመሪያ የመረጃ ጥበቃ ሥርዓት ይበጅ" አለ። በጥቅምት 2021 ደግሞ የጥበቃ ጥናት ሳይሠራ መቀጠሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በየነ። ህንድም በዚያው አቆጣጠር በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አድሃር የሚባለውን መታወቂያ ሕገ መንግሥታዊ ነው ካለ በኋላ፣ የባንክ ሂሳብና የስልክ ቁጥር ከእሱ ጋር የግድ ይያያዙ የሚለውን ግን ሻረው። እኛ ዘንድ በብሔራዊ ባንክ ውሳኔ የተጀመረውን የባንክ ግዴታ የመሰለውን ማለት ነው።

"ሕግ የለም፣ እንደፈለጉ ያደርጉናል"

ሕግስ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለ አንተ የተያዘውን የማወቅ፣ ስህተት ካለ የማስተካከል መብት ይሰጣል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ከሰፈራችን አንድም አላገኘሁም፤ 666ን የሚያውቅ ግን ሞልቷል።

ሆኖም ቅደም ተከተሉን ተመልከቱት። የመታወቂያው አዋጅ በ2015፣ የጥበቃው አዋጅ በ2016። በሬው ከገባ በኋላ በሩ ተሠራ። የጥበቃውን ሥራ እንዲቆጣጠር የተሰየመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የመታወቂያ ፕሮግራሙም የተመሠረተው በጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። አሳዳሪውና ጠባቂው አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። እኔን እንቅልፍ ቢነሣኝ የሚነሣኝ ይህ ነው።

"ስሜን ሆን ብለው አበላሹት"

ይኼ በራሴ ደርሷል። የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዲት ፊደል ተጨመረችበት። ባንክ ስሄድ ከደብተሬ ጋር አልገጠመም። "አስተካክለህ ና" ተባልኩ። ምዝገባው ጣቢያ ስሄድ "ሲስተም የለም"። በሁለተኛው ቀን "ኃላፊዋ ስብሰባ ናት"። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሆኜ "ከነገሩ ጀርባ አንድ ነገር አለ" ማለት ጀምሬ ነበር። እኔው! ሲያንገላቱህ ሴራ ማሰብ እንዴት ያቃልላል መሰለህ። ቢያንስ ትኩረት የሰጠህ ሰው ያለ ይመስልሃል።

በሦስተኛው ቀን እኒያ የእድር እናትም እዚያው ወረፋ ላይ ነበሩ። የጡረታ ሂሳባቸውን ወደ ሌላ ባንክ ሊያዞሩ ፈልገው ቸግሯቸዋል። ተራቸው ደረሰና አራት ቀኝ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። ማሽኑ አላነበበም። ጠርገው ደገሙት። አሁንም የለም። ዕድሜ ልክ ልብስ ያጠበ፣ ሽሮ የወቀጠ፣ ምጣድ ያሰሰ ጣት መስመሩ ተፍቋል። ልጅቷ ሎሽን ቀባቻቸው፣ ጣታቸውን በእጇ ደግፋ ጫን አደረገችላቸው። በአራተኛው አረንጓዴ በራ። አቅራቢ መነጽር የመሰለውን የዓይን ማንሻ ሲይዙ "እማማ ዓይንዎን አይጨፍኑ" ብትላቸው "እየጸለይኩ እኮ ነው" አሏት።

የእኔን ፊደል ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በተሳሳተ ቦታ የተነካች አንዲት ቁልፍ ነበረች።

ከቀናት በኋላ መልእክቱ ሲደርሳቸው ስልካቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስድስት ሁለት ቦታ አለ፣ ተራርቆ። "ሦስተኛውን ደብቀውት ይሆናል" አሉና ቁጥሩን ከእድር ደብተራቸው ጀርባ እንድጽፍላቸው እስክሪብቶ አቀበሉኝ።