የካሪኩለም ዳይሬክተር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አይደለም
እኛ ዘንድ ዳይሬክተር ሲባል ትዝ የሚለን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ፊት የሚቆመው ርዕሰ መምህር ነው። አሜሪካ ግን እሱ ፕሪንሲፓል ይባላል። የካሪኩለምና የማስተማር ዳይሬክተሩ ያለው የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ቢሮ ነው።

ሜሪላንድን እንውሰድ። የ3ኛ ክፍል ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ የባለ አንድ አሃዝ ቁጥሮችን ብዜት በቃሉ እንዲያውቅ የሚጠይቀው የስቴቱ መስፈርት ነው። በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ሳምንት የሚለው ካሪኩለም ነው። መምህሯ ባቄላ ደርድራ ታሳየው ወይስ ታሸምድደው? ይሄ ማስተማር ነው። ዳይሬክተሩ ካሪኩለሙንና ማስተማሩን ያገናኛል፤ መጽሐፍ ያስመርጣል፣ መምህራን ያሠለጥናል። ብዙዎቹ ዳይሬክተሮች ራሳቸው ክፍል ገብተው ያስተማሩ ናቸው፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

ልጅዎ ከጓደኛው ከተጣላ ፕሪንሲፓሉ ጋ ይሂዱ። መጽሐፉ ካሳሰበዎት ግን ዲስትሪክቱ ጋ ይደውሉ። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት።